"ምን ልዋጥ?" ከማለትሽ በፊት
ስኳር ላለባትና ሽንት እየተመላለሰ ለሚያቃጥላት ሴት የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ስኳር ያለባት ሴት ሽንቷ አቃጥሏት ድና፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ሲመለስባት መጀመሪያ አፏ ላይ የሚመጣው "ምን ልዋጥ?" የሚል ጥያቄ ነው። በወልድያም በመርሳም፣ ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ ባለው አገር ሁሉ ይህን ጥያቄ ይዘው መድኃኒት ቤት ደጃፍ የሚቆሙ ሴቶች ብዙ ናቸው። ዕድሜዬን በነርስነት ጨርሻለሁ፤ እኔም ከስኳር ጋር ነው የምኖረው። ስለዚህ ሐኪሙ የሚለውንም በሽተኛዋ የምትለውንም አውቃለሁ። አንቺ ግን "ምን ልዋጥ?" ከማለትሽ በፊት "ለምን ተመለሰብኝ?" በይ። ኪኒን የዛሬውን ማቃጠል ያጠፋልሻል፤ የሚቀጥለው የሚቀረው ግን የመጣበት ምክንያት ሲታወቅ ነው። አብሽሪ፣ ምክንያቱ የማይደረስበት አይደለም። ተራ በተራ ልንገርሽ።

1. ለምን አንቺ ላይ እንደሚበረታ እወቂ

የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ አጭር ነው፤ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ብዙውን ጊዜ ሽንት የሚያቃጥለው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ይባላል፤ መኖሪያው አንጀት ነው። ከዚያ ወጥቶ በአጭሩ ቧንቧ ወደ ፊኛ ይገባል። ጎንደር፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ ላይ በስኳር ሕሙማን ሽንት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በብዛት ያገኙት ይኸንኑ ነው።

ስኳር በዚህ ላይ ሦስት ነገር ይጨምራል። የደም ስኳርሽ 180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መያዝ ያቅተውና ስኳሩ ወደ ሽንት ይወርዳል። ስኳሩ ከፍ ባለ ጊዜ ደግሞ ተዋጊዎቹ ነጭ የደም ሴሎች ይሰንፋሉ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ለዓመታት ያልተያዘ ስኳር እግርን እንደሚያደነዝዝ ሁሉ የፊኛንም ነርቭ ያደነዝዛል። ያን ጊዜ ፊኛው መሙላቱ አይታወቅሽም፤ ስትሸኚም ተሟጦ አይወጣም።

2. አትፈሪ፣ አትደብቂ

እኛ አገር "ሽንቴ አቃጠለኝ" ያለች ሴት ላይ ሐሜቱ ፈጣን ነው፤ "ጨብጥ ይሆናል" ይባላል፣ ባል ይጠረጥራል፣ እሷም አንገቷን ትደፋለች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ግን ባል የሌላትንም፣ መነኩሲትንም፣ አሮጊትንም ይይዛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ለባልሽ ንገሪው፤ ካልገባው ቀጠሮ ላይ ይዘሽው ሂጂና ሐኪሙ ያስረዳው።

ነገር ግን ሌላ በሽታም ሽንትን እንደሚያቃጥል አትርሺ። ብልትሽ የሚያሳክክሽና ወፈር ያለ ነጭ ፈሳሽ የሚወጣሽ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ስኳር ሲበዛ ይወዳል፣ አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላም ይብሳል። ሽታ ያለው ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፈሳሽ ካለ፣ ወይም ባልሽም ካቃጠለው፣ የአባላዘር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሁለታችሁም ተመርመሩ። ሦስቱም የተለያየ መድኃኒት ነው ያላቸው።

3. ሳትመረመሪ አትዋጪ

ጎረቤትሽ "እኔን ያዳነኝ ይኸ ነው" ብላ የምትሰጥሽን የሲፕሮ ኪኒን ትራፊ አትቀበዪ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሦስት ቀን ኪኒን ገዝተሽ ሲሻልሽ የምትተዪውም እንዲሁ ነው። በአገራችን ላቦራቶሪዎች እንደታየው የሽንት ባክቴሪያዎች አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊንን፣ ኮትሪሞክሳዞልንም በብዛት ተላምደዋል። በግምት የተዋጠ ኪኒን ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ያስቀርልሻል፤ በሚቀጥለው ወር የሚመለስብሽ እሱ ነው።

አንዴ ብቻ አቃጥሎሽ ከሆነ የተለመደው የሽንት ምርመራ ሊበቃ ይችላል። ለሚመላለስብሽ ግን ካልቸር ጠይቂ። ካልቸር ማለት ሽንቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እንዲያድግ ተደርጎ ስሙ የሚታወቅበት፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም የሚፈተንበት ምርመራ ነው። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ሕመሙ ካልቻለሽ ሐኪሙ ሽንቱን ካስወሰደ በኋላ መድኃኒት ሊያስጀምርሽ፣ ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ሊቀይርልሽ ይችላል። ዋናው ነገር ሽንቱ ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት መሰጠቱ ነው።

አሰጣጡም ወግ አለው። እጅሽን ታጠቢ። የብልትሽን ከንፈር በሁለት ጣት ከፈት አድርገሽ በንጹሕ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ ታጠቢ። የመጀመሪያውን ሽንት መሬት ላይ ልቀቂው፤ መሐሉን በዕቃው ተቀበዪ፤ የመጨረሻውንም ተዪው። የዕቃውን ውስጥና የክዳኑን ውስጥ ጣትሽ አይንካው። ሽንት ከሁለት ሰዓት በላይ ሙቀት ላይ ከቆየ ባክቴሪያው ዕቃው ውስጥ ይራባና ውጤቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ መርሳ ቤትሽ ሸንተሽ በፌስታል አንጠልጥለሽ ወልድያ አትሂጂ፤ ምርመራው የሚሠራበት ቦታ ደርሰሽ እዚያው ስጪ።

4. ባክቴሪያ ተገኘ ተብሎ ሁሌ መድኃኒት አይወሰድም

ይኸ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ስኳር ያለባቸው ብዙ ሴቶች ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የካናዳ ጥናት እንዲህ ያሉ 105 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን አንቲባዮቲክ ሰጠ፣ ለሌላው አልሰጠም። ከረጅም ክትትል በኋላ መድኃኒት የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ አልታመሙም፤ ያተረፉት ብዙ አንቲባዮቲክ መዋጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳያቃጥልሽ፣ ሳያተኩስሽ፣ ለሌላ ጉዳይ በተሠራ ምርመራ "ኢንፌክሽን አለ" ከተባልሽ "ምልክት የለኝም፤ መድኃኒት ያስፈልገኛል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ሕጉ ይገለበጣል። በእርግዝና ጊዜ ባያምሽም ይታከማል፤ ካልታከመ ወደ ኩላሊት ይወጣል፣ ያለ ጊዜው ምጥም ሊያመጣ ይችላል።

5. የሽንቱ መድኃኒትና የስኳሩ ኪኒን እንዳይጣሉብሽ

ለስኳርሽ ግሊቤንክላማይድ የምትወስጂ ከሆነ ይኸን ደጋግመሽ አንብቢው። ሲፕሮም ሆነ ኮትሪሞክሳዞል ከእሱ ጋር ሲወሰድ የደም ስኳርን ከመጠን በላይ ሊጥል ይችላል። ሲያልብሽ፣ ሲያንቀጠቅጥሽ፣ ልብሽ ሲመታ፣ አእምሮሽ ሲዘባርቅ "በሽታው በረታብኝ" ብለሽ አትተኚ፤ ስኳርሽ ወርዷል። ቶሎ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ከዚያ ምግብ ብዪ፣ ለሐኪምሽም ንገሪ። መድኃኒት ሲታዘዝልሽ የምትወስጂውን ሁሉ ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም አሳዪ፤ የኪኒኖችሽን ማሸጊያ በቦርሳሽ ያዢ።

ናይትሮፉራንቶይን ለፊኛ ኢንፌክሽን ጥሩ ነው፣ ባክቴሪያውም ገና ብዙ አልለመደውም። ኩላሊቷ ለደከመባት ሴት ግን አይሆንም፤ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ከደረሰም አይበቃም። ስለዚህ የኩላሊት ምርመራሽ መቼ እንደተሠራ እወቂ። ለሕመሙ ብለሽም ዲክሎፌናክ አታዘውትሪ፤ የስኳር ሰው ኩላሊት አይወደውም። ስማቸው በ"ግሊፍሎዚን" የሚያልቁ አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶች፣ እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት፣ የሚሠሩት ስኳርን በሽንት በማስወጣት ነው። ለልብና ለኩላሊት ይጠቅማሉ፤ የብልት ፈንገስ ግን ያበዛሉ። ከእነሱ አንዱን ከጀመርሽ ወዲህ ማሳከክ ከመጣብሽ ለሐኪሙ ንገሪ እንጂ በራስሽ አትተዪው።

6. ሽንትሽን አትያዢ፣ ስትሸኚም ጨርሺ

ከወልድያ ደሴ ወይም አዲስ አበባ የምትሄድ ሴት መኪና ላይ እንዳትቸገር ከማታ ጀምራ ውሃ ትተዋለች። ገበያ የዋለችውም መጸዳጃ ስላጣች እስከ ማታ ትይዛለች። ለጤነኛዋም መልካም አይደለም፤ የፊኛ ነርቯ ለደነዘዘባት ደግሞ ይብሳል። ሽንትሽ ባይመጣም በየሦስት አራት ሰዓቱ ሂጂ። ተቀምጠሽ፣ ሳትቸኩዪ ሽኚ። ስትጨርሺ ትንሽ ቆይተሽ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ ድጋሚ ሞክሪ። እንስራ ሥር የቀረ አሮጌ ውሃ አዲሱን እንደሚያበላሸው ሁሉ፣ ፊኛ ውስጥ የተረፈ ሽንትም አዲሱን ይበክለዋል። በጉዞ ላይ ሹፌሩን "አቁምልኝ" ማለት ነውር አይደለም፤ አንቺ ስትጠይቂ ሌሎች ሦስት ሴቶች አብረውሽ ይወርዳሉ።

7. ውሃ ጠጪ፣ ግን ውሃውን ውሃ አድርጊው

የመርሳና የግራና ሙቀት ያልብሻል፤ ሽንትሽ ወፍሮ ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ውሃ ብዙ የማይጠጡና የሽንት ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸውን 140 ሴቶች ተከታትሏል። በቀን ከለመዱት ላይ አንድ ሊትር ተኩል የጨመሩት በዓመት ውስጥ በአማካይ 1.7 ጊዜ፣ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመሙ። ሴቶቹ ሌላ ሕመም ያልነበረባቸው ናቸው፤ ለአንቺም መንገዱ ያው ነው። ልብሽ ወይም ኩላሊትሽ ደክሟል ከተባልሽ ግን መጠኑን ሐኪም ይንገርሽ።

"ፈሳሽ አብዢ" ሲባል ጁስ ማለት አይደለም። መርሳ የማንጎና የፓፓያ አገር ናት፤ በየጁስ ቤቱ የሚቀርበው ብርጭቆ ግን ከሁለት ሦስት ፍሬ በላይ ስኳር በአንድ ትንፋሽ ያስውጥሻል። ፍሬውን ቁራሽ ብዪ፣ ጥማትሽን በውሃ ቁረጪ። ለስላሳና ስኳር የበዛበት የጫት ሰዓት ሻይም ከዚያው ነው።

ቦለቅያ ወይም ወይባ ጢስ የምትገቢም እንደሆነ፣ ላቡ ውሃሽን ስለሚወስደው በፊትም በኋላም ጠጪ። እግርሽ የደነዘዘ ከሆነ ደግሞ እሳቱ ሲያቃጥልሽ አይታወቅሽም፤ ባይገቡት ይሻላል።

8. ጾም ከመያዝሽ በፊት ተማከሪ

የወሎ ቤት ረመዳኑንም ዐቢይ ጾሙንም ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መዋል ሽንትን ያወፍራል፤ ኪኒንና ኢንሱሊን ላይ ያለሽ ደግሞ ስኳርሽ ሊወድቅብሽ ይችላል። ረመዳን ሳይገባ ከአንድ ሁለት ወር በፊት ሐኪምሽን አነጋግሪ፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን መለወጥ ይኖርበት ይሆናል። በእስልምና የታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል፣ የማይድንም ፊድያ ይከፍላል፤ ዐዋቂ ጠይቂ። ክርስቲያን ከሆንሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾሙ ከሕመምሽ ጋር እንደሚጋጭ ለንስሐ አባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው። እያቃጠለሽ፣ አንቲባዮቲክ ላይ እያለሽ በውሃ ጥም መዋል ግን ለማንም አይመከርም።

9. ስኳሩን ካልያዝሽው ሽንቱን አትይዥውም

ከላይ ያልኩሽ ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። ብዙ አዋቂዎች የሚታዘዙት የጾም ስኳር ከ80 እስከ 130፣ የሦስት ወሩ ምርመራ ማለትም ኤ ዋን ሲ ደግሞ ከ7 በታች እንዲሆን ነው፤ የአንቺን ልክ ሐኪምሽ ይወስናል። ሽንትሽ በተመለሰ ቁጥር የዚያን ሳምንት ስኳር ተመልከቺ፤ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ሲወጣ ታገኚዋለሽ። ኢንሱሊንም በቆላ ሙቀት ሲበላሽ ሳይታወቅ ስኳሩ ይወጣል። ፍሪጅ ከሌለሽ እርጥብ አሸዋ በያዘ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ሥር አስቀምጪው፤ ፀሐይ አታሳዪው።

ኢንፌክሽንም በተራው ስኳርን ያወጣል። ስለዚህ ታምሜ እህል አልቀመስኩም ብለሽ ኢንሱሊንሽን በራስሽ አታቋርጪ፤ ደጋግመሽ ለኪ፣ መጠኑን ተማከሪ። የሚያስመልስሽና የምትጠጪው የማይቆይልሽ ከሆነ ግን ሜትፎርሚኑን ሐኪም ለጊዜው ሊያስቆምሽ ስለሚችል ፈጥነሽ ታዪ።

10. ንጽሕና ይኑርሽ፣ ግን አይብዛ

ከተጸዳዳሽ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ ታጠቢ፤ ለውዱእም ስትጣጠቢ እንዲሁ። ብልትሽን ውስጡን በሳሙና፣ በዴቶል ወይም በሎሚ አትጠቢ፤ ጠባቂ የሆኑትን ባክቴሪያዎች ታጠፊያለሽ። ከግንኙነት በኋላ መሽናት ወጪ የለውም፣ አድርጊው። የወንድ ዘር የሚገድል ቅባት ያለበት የወሊድ መከላከያ የሽንት ኢንፌክሽንን እንደሚያመላልስ ስለታወቀ ሌላ ምረጪ።

እናትሽም ይኸን ትስማ፦ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ብልት ይደርቃል፣ ኢንፌክሽንም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት በብልት የሚቀባ የኤስትሮጅን ቅባት የተጠቀሙ ሴቶች በዓመት በአማካይ 0.5 ጊዜ፣ ያልተጠቀሙት 5.9 ጊዜ እንደታመሙ አሳይቷል። ለየትኛዋ እንደሚስማማ የሚያውቀው ሐኪም ነው፤ የምትጠይቀው ግን ሴቲቱ ናት።

11. ሲደጋገም በደብተር ያዢው

በስድስት ወር ሁለቴ፣ ወይም በዓመት ሦስቴ ከያዘሽ ሐኪሞች "ተመላላሽ" ይሉታል። አንድ ትንሽ ደብተር ግዢ። የጀመረበትን ቀን፣ የስኳርሽን ልክ፣ ካልቸሩ ያገኘውን ባክቴሪያ፣ የወሰድሽውን መድኃኒትና ስንት ቀን እንደወሰድሽ፣ የወር አበባ ወይም ግንኙነት ወይም ረጅም ጉዞ ቀድሞት እንደሆነ ጻፊ። ባትጽፊ ልጅሽ ይጻፍልሽ። መድኃኒቱ ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያው ባክቴሪያ ከተመለሰ የተደበቀበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ጠጠር ወይም ተሟጦ የማይወጣ ሽንት ሊሆን ይችላል። በሌላ ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ እንደ አዲስ ነው የገባው።

ከዚያ ሐኪሙን አልትራሳውንድ ጠይቂው፤ ከሸናሽ በኋላ ፊኛ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረም ይታይልሽ። ይኸ ሁሉ ተደርጎ ካልቆመ መከላከያ አለ። ማታ ማታ በትንሽ መጠን ለወራት የሚወሰድ ወይም ከግንኙነት በኋላ ብቻ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝ ይችላል። አንቲባዮቲክ ያልሆነው ሜቴናሚንም እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ በተደረገ ጥናት ከዕለታዊ አንቲባዮቲክ እምብዛም እንደማያንስ ታይቷል። ይኸን በራስሽ አትጀምሪ፤ ጥያቄው ግን ከአንቺ ይምጣ።

12. እነዚህን ካየሽ አትደሪ

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ ከጎድን በታች የጀርባ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ሽንት መቅረት፣ መዘባረቅ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሆነሽ ማቃጠል ከመጣ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ደም ሄዶ ሊሆን ይችላል። "ወባ ነው" ወይም "ምች ነው" ብለሽ ዳማከሴ እየጠጣሽ አትክረሚ። ስኳር ባለባት ሴት ኩላሊት ውስጥ መግል ሊቋጠር፣ አልፎ አልፎም ጋዝ የሚፈጥር ከባድ ኢንፌክሽን ሊነሳ ይችላል፤ ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው የሚቆጠረው። መርሳ ያለው ሐኪም ቤት ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሪፈር ሲልሽ "ነገ እሄዳለሁ" አትበዪ።

13. ካርድሽ ቢጠፋ ታሪክሽ አይጥፋ

የሰሜኑ ጦርነት ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ ሲደርስና እስከ ታኅሣሥ 2014 ሲቆይ በሰሜን ወሎ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ተዘርፏል፣ ኢንሱሊን ታጥቷል፣ ስንቱ ካርድ ጠፍቷል። ከዚያም ወዲህ መንገድ ይከፈታል ይዘጋል። ስለዚህ የካልቸር ውጤትሽንና ማዘዣሽን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ሌላ ቅጂ ለምታምኚው ዘመድ ላኪ። ሐኪምሽ ከፈቀደ የአንድ ወር የስኳር መድኃኒት ትርፍ ይኑርሽ፤ የሽንት አንቲባዮቲክ ግን አታከማቺ።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ከሌለሽ የምዝገባው ወቅት አይለፍሽ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በሙከራ ሲጀመር ጎረቤታችን ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ ዛሬ ብዙ ቤት ደርሷል። ጤና ጣቢያውን ዘለሽ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ከሄድሽ ግን ወጪው አንቺ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

እንግዲህ ልጄ፣ ይኸን ሁሉ ባንድ ቀን አትችዪውም። ዛሬ ደብተሩን ግዢና ያለፈውን ዓመት የምታስታውሺውን ያህል ጻፊ። የሚቀጥለው ቀጠሮሽ ላይ ከሐኪሙ ፊት ዘርጊው፤ ገና ኪኒን ሳይታዘዝልሽ "ለምን ተመለሰብኝ?" ብለሽ ጠይቂ። ችኮላ ላይ ያለ ሐኪም እንኳ የተጻፈ ነገር ሲያይ ይቆማል። ዐፊያ ያድርግሽ፣ ምሕረቱን ያውርድልሽ።